ዓርብ ራት

ስሙን መጀመሪያ ያየሁት አርባ ምንጭ ነው፣ ሲቀላ፣ አንዲት ቤቲንግ ቤት ውስጥ። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ትኬቴ ላይ ስምንት ጨዋታ ይዣለሁ። ሰባቱን አውቃቸዋለሁ። ስምንተኛው ከስኮትላንድ ሁለተኛው ሊግ ነው፣ አርብሮዝ የሚባል ቡድን። ለምን እንደጨመርኩት አትጠይቁኝ። ኦዱ፣ ብሩን የሚያባዛው ቁጥር፣ አማረኝ፣ በቃ። ጓደኛዬ በትከሻዬ በኩል አሾልኮ አየና የእንግሊዝኛውን ፊደል እንደመጣለት ጮክ ብሎ አነበበው። «ዓርብ ራት!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ማታ ላይ ሰባቱ ገቡልኝ። ዓርብ ራት ተሸነፈ። ሰው ራት ይበላል፤ እኔን ራት በላኝ።

ከዚያ በኋላ በኛ ሰፈር ትኬት የምታበላሽ የመጨረሻ ጨዋታ ሁሉ ስሟ «ዓርብ ራት» ሆነ። «ምነው ፊትህ?» «ዓርብ ራት ሆነብኝ።» ነገሩ እዚያው ያበቃ መስሎኝ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2021 መስከረም ላይ ለማስተርስ ዳንዲ ገባሁ። በመጣሁ በሁለተኛው ሳምንት ባቡር ጣቢያ ቆሜ ሰሌዳውን ሳነብ፣ ወደ አበርዲን የሚሄደው ባቡር ከሚያልፍባቸው ከተሞች መካከል ያቺን ስም አየኋት። ደነገጥኩ። እውነት ለመናገር ቡድን እንጂ ከተማ ትሆናለች ብዬ አስቤ አላውቅም። ለኔ አርብሮዝ ኦድ ነበረች። ፎቶ አንስቼ ለጓደኛዬ ላክሁለት። «ዕዳህን ተቀበል» ብሎ መለሰልኝ።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ሄድኩ። ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው በባቡር። መንገዱን ሙሉ ባሕሩ በቀኝ በኩል አብሮህ ይሄዳል፣ ግራጫ፣ የተኮሳተረ። ከጣቢያው ወርጄ ጥቁር ቀይ ስካርፍ ያደረጉ ሰዎችን ተከተልኩ። የት እንደሚሄዱ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ከተማዋ 24 ሺህ ያህል ሰው ነው ያላት፤ ቅዳሜ ከሰዓት ስካርፍ ያደረገ ሰው ሌላ የሚሄድበት የለውም።

ሜዳው ጌይፊልድ ይባላል። ከአውሮፓ ሜዳዎች ሁሉ ለባሕር የቀረበው እሱ ነው ይላሉ። እኔ «ቅርብ» ሲባል ሐዋሳ ከሐይቁ እንዳለችው ያለ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ከአንዱ ጎን ደጋፊው የሚቆምበት ደረጃ አለ፣ ከጀርባው ግንብ አለ፣ ከግንቡ ወዲያ ሰሜን ባሕር ነው። አለቀ። ገና ቦታዬን ሳልይዝ ከግንቡ በላይ ነጭ አረፋ ብቅ አለ። ጥጉ ላይ የቆሙት ሰዎች ፀበል እንደተረጨ ሰው ፊታቸውን ጠርገው ወሬያቸውን ቀጠሉ።

በጥቅምት አንድ አጥንት ይላል የኛ ሰው። ያን ቀን አንድ አጥንት ምን ሊያደርግ! ሙሉ በግ ነበር የሚያስፈልገው። በፕላስቲክ ኩባያ ቦቭሪል የሚባል ነገር ገዛሁ። ሻይ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የሥጋ መረቅ ነው፣ ጨው የበዛበት። የመጀመሪያው ጉንጭ ያስደነግጣል። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ግን እናትህ ጉንፋን ሲይዝህ የምትሰጥህን የቅቅል መረቅ ታስታውሳለህ። ኩባያውን በሁለት እጄ ጨብጬ ያዝኩ።

ኳሱን ልንገራችሁ። በረኛው ለመምታት ያስቀምጠዋል፤ ይንከባለላል። እንደገና ያስቀምጠዋል። መጨረሻ ላይ ሮጦ መታው። ኳሱ ሄደ፣ ሄደ፣ አየር ላይ ቆመ፣ ትንሽ አሰበ፣ ተመለሰ። በሕጉ፣ ከግብ ክልል የተመታ ኳስ ዞሮ የራስህ ጎል ውስጥ ቢገባ ጎል አይባልም፤ ለተቃራኒው ቡድን የማዕዘን ምት ነው። ያን ሕግ ያወጣው ሰው አንድ ቀን እዚህ ሜዳ የዋለ ይመስለኛል።

አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል። ቴርሞሳቸውን ግንቡ ሥር ከነፋስ ከልለው አስቀምጠዋል። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም፤ እኔ ግን በሆዴ አንቱ እያልኩ ነው ያወራኋቸው። ስኮትላንዳዊ ቅላጼያቸውን ግማሹን ነው የሰማሁት። ግማሹን ነፋሱ ወሰደው።

«መጀመሪያህ ነው ልጄ?»

«አዎ።»

«ታውቋል። ወደ ባሕሩ ፊትህን ሰጥተህ የቆምከው አንተ ብቻ ነህ።»

ዞርኩ። ልክ ናቸው፤ ሁሉም ሰው ጀርባውን ነው የሰጠው።

መስመሩ ዳር የሚያሟሙቁትን ተጨዋቾች እያሳዩ ያስተዋውቁኝ ጀመር። የሚነግሩኝ ግን ስንት ጎል እንዳገቡ አይደለም። ሥራቸውን ነው። ክለቡ ያኔ የትርፍ ጊዜ ክለብ ነበር። ተጨዋቾቹ ቀን ሥራቸውን ውለው በሳምንት ሁለት ማታ ይለማመዱ ነበር። ቦቢ ሊንን አሳዩኝ። ሰውዬው ቆሻሻ ሰብሳቢ ነበር፣ ከቆሻሻ መኪና ኋላ የሚሮጥ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ የተጨዋቾች ማኅበር የሊግ ዋን፣ የሦስተኛው ሊግ፣ የዓመቱ ኮከብ አድርጎ መርጦታል። ሁለቱን አንድ ላይ ለማሰብ ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። እኔ ያደግኩት የተጨዋቾችን የቤታቸውን ዋጋ፣ የመኪናቸውን ቁጥር በቃሌ ይዤ ነው። የአርሰናልን በረኛ የውሻ ስም እንኳን ሳላውቅ አልቀርም። ማክሰኞ ጠዋት በሬ ላይ መጥቶ ቆሻሻዬን የሚወስድ ኮከብ ግን ኖሮኝ አያውቅም።

አሰልጣኙ ዲክ ካምቤል ነበሩ። ያኔ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ እየተጠጋ ነው፤ ራሳቸው ላይ ጠፍጣፋ ቆብ፣ አጠገባቸው መንታ ወንድማቸው ኢያን፣ ረዳት አሰልጣኝ። ካምቤል እ.ኤ.አ. በ2016 ሲመጡ ክለቡ አራተኛው ሊግ ውስጥ ነበር። በ2017 ያንኑ ሊግ፣ ሊግ ቱን፣ በ2019 ሊግ ዋንን አሸንፈው ሁለተኛው ሊግ፣ ሻምፒዮንሺፕ፣ አስገቡት። እኔ በሄድኩበት ዓመት ሻምፒዮንሺፑ ውስጥ የትርፍ ጊዜ ክለብ እነሱ ብቻ ነበሩ። ሌሎቹ በየቀኑ የሚለማመዱ፣ ከኳስ ሌላ ሥራ የሌላቸው ነበሩ። በዚያን ዓመት ታዲያ እነዚህ አናጢዎችና አስተማሪዎች የሊጉ አናት ላይ ሊወጡ ነበር። በጥቅምት ግን ይህን ማንም አላወቀም። እኔማ ጨርሶ።

ዕረፍት ሲሆን ሽማግሌው ቴርሞሳቸውን አነሱ። «ና፣ እንሂድ።» የሚወጡ መስሎኝ ነበር። ለካ እዚህ በዕረፍት ሰዓት ደጋፊው ሜዳውን ዞሮ ወደ ሌላኛው ጎል ይሄዳል፣ የራሱ ቡድን ወደሚያጠቃበት። ማንም አይከለክልህም። ሕፃን የታቀፈ አባት፣ ከዘራ የያዙ እናት፣ ፓይ የሚገምጥ ጎረምሳ፣ ሁሉም ቀስ እያለ ይዞራል። ታቦት የሚያጅብ ሕዝብ ይመስላል። በሰልፉ ላይ የማይታወቅ ሰው የለም። ሽማግሌው በየሁለት እርምጃው ቆመው ሰላም ይላሉ፣ የታመመ ይጠይቃሉ፤ አንዱን ደግሞ የተበደራቸውን መሰላል መቼ እንደሚመልስ ጠየቁት።

እየዞርን የ36ቱን ጎል ነገር አነሳሁባቸው፤ ከመምጣቴ በፊት አንብቤ ነበር። ዓይናቸው በራ።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 1885። ዓድዋ ሊሆን አሥር ዓመት ከመንፈቅ ይቀረዋል፤ አዲስ አበባም ገና አልተቆረቆረችም። በስኮትላንድ ዋንጫ አርብሮዝ ቦን አኮርድ የሚባል የአበርዲን ቡድን ገጠመ፤ 36 ለ 0 አሸነፈ። ጆን ፔትሪ የሚባል የ18 ዓመት ልጅ ብቻውን 13 አገባ። ዳኛው ደግሞ የሻረው ጎል አለ። የጎል መረብ ገና አልመጣም፤ ኳሱ በገባ ቁጥር ሮጦ የሚያመጣው ሰው ያስፈልጋል። ያ ባይሆን ስንት ይገባ እንደነበር አስቡት። በዚያኑ ቀን ዳንዲ ውስጥ ዳንዲ ሃርፕ አበርዲን ሮቨርስን 35 ለ 0 አሸነፈ። ዳኛው 37 ቆጥሮ ነበር ይባላል፤ አሸናፊዎቹ ራሳቸው ናቸው አሉ 35 ነው ያሉት። በአንድ ጎል ክብረ ወሰኑ አመለጣቸው። ሐቀኝነት እንዲህ አድርጎ ይበላሃል።

እርግጥ ማዳጋስካር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2002 ዓ.ም. 149 ለ 0 ያለቀ ጨዋታ አለ። እሱ ግን ዳኛ ላይ ያኮረፈ ቡድን ራሱ ላይ ያገባው ነው። አይቆጠርም። ቢያንስ አርብሮዝ ውስጥ አይቆጠርም።

እኔን ያስገረመኝ ግን ፔትሪ አይደለም፤ የአርብሮዝ በረኛ ነው። ጂም ሚልን ይባላል። ቀኑን ሙሉ ኳስ አልነካም ይላሉ። ዝናብ ስለነበረ ከተመልካች ጃንጥላ ተውሶ ጎሉ ሥር ቆሞ ዋለ። እኔና ጓደኛዬ ድሮ ትልልቆቹ ልጆች ሲያጫውቱን ሁልጊዜ በረኛ ነበርን። ስለዚህ ሰውዬው ይገባኛል። በዓለም ላይ ከባዱ ነገር ቡድንህ 36 ሲያገባ ብቻህን ቆመህ ዝናቡን መቁጠር ነው። የሚያቅፍህ የለም።

ቅጽል ስማቸውም ከዚሁ ባሕር ነው የመጣው። ሬድ ሊክቲስ ይባላሉ፤ ድሮ ዓሣ አጥማጆችን ወደ ወደቡ ይመራ ከነበረው ቀይ መብራት። የኛ ሰው ቀይ መብራት ሲባል ሌላ ቤት ነው የሚያስበው። ይህን ለሽማግሌው ማስረዳት አልሞከርኩም።

ጨዋታው ሊጀመር ሲል እሳቸው ጠየቁኝ።

«አንተስ? የማን ደጋፊ ነህ?»

«አርሰናል።»

ፈገግ አሉ። «እሱን አይደለም። የተወለድክበት ከተማ ክለብ የለውም?»

«አለው። አርባ ምንጭ ከተማ። አዞዎቹ ነው የሚባሉት።»

«አዞ!» ወደ ጎረቤታቸው ዞሩ። «ሰማህ? እኛ መብራት ነን፣ እነሱ አዞ።» ወደኔ ተመለሱ። «ሜዳው ከቤታችሁ ይርቃል?»

«በእግር ሃያ ደቂቃ ነበር።»

«ነበር?»

ምን ልበላቸው? አርባ ምንጭ ፕሪሚየር ሊግ የገባ ጊዜ ከታላቅ ወንድሜ ጋር በጠዋት ወጥተን ሰልፍ እንይዝ ነበር። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ግን ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየዞረ ይካሄድ ጀመር። ክለቦቹ ተሰብስበው አንድ ከተማ ይከትማሉ፤ ጥቂት ሳምንት ተጫውተው ወደ ሌላው ይጓዛሉ። የቴሌቪዥን ውል መጣ፣ ኮሮና መጣ፣ የሜዳ ደረጃ የሚባል ነገር መጣ። ሁሉም የየራሱ ምክንያት አለው። ግን አዞዎቹ ሲጫወቱ ወንድሜ የሚያያቸው ሲቀላ ዲኤስቲቪ ቤት ነው፣ ቡና አዝዞ። ክለቡ አለ፣ ከተማው አለ፣ ሁለቱ አይገናኙም። ይህን ሁሉ በዚያ ነፋስ ውስጥ ለማስረዳት ሞከርኩ። ሽማግሌው ግራ ገባቸው።

«ታዲያ በዕረፍት የት ነው የምትዞሩት?» አሉኝ።

አርብሮዝ ሌላ ታሪክም አላት። እ.ኤ.አ. በ1320 የስኮትላንድ መኳንንት ነፃነታቸውን አስመልክተው ለሮም ጳጳስ የላኩት ደብዳቤ ከዚህች ከተማ ገዳም ነው የወጣው። ከመካከላችን መቶ ሰው በሕይወት እስካለ ድረስ ለእንግሊዝ አንገዛም ይላል። የገዳሙ ፍርስራሽ ዛሬም ቀይ ድንጋዩ ቆሟል። ሽማግሌው እንዳሉኝ ከሆነ፣ መቶዎቹ ክለቡ ታች በነበረበት ጊዜ ማክሰኞ ማታ በዝናብ ይመጡ የነበሩት ናቸው።

ከሜዳው ስወጣ ወደ ወደቡ ሄጄ ስሞኪ በላሁ። ሃዶክ የሚባል ዓሣ ነው። ጭንቅላቱ ተቆርጦ፣ ሁለት ሁለቱ በጅራታቸው በገመድ ይታሰሩና እንጨት ላይ ይሰቀላሉ፤ ከሥር ጠንካራ እንጨት ይነዳል፣ ከላይ እርጥብ ጆንያ ይከደናል። ጭሱ ያበስለዋል። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ከአርብሮዝ 8 ኪሎ ሜትር ክልል ውጭ የተሠራ ዓሣ በዚህ ስም ሊሸጥ አይችልም። እኔ የጫሞ ልጅ ነኝ፤ ዓሣ በቀላሉ አላሞግስም። ግን ትኩሱን በወረቀት ይዤ፣ ቆዳውን በጣቴ ገፍፌ፣ ወርቃማው ሥጋ ከአጥንቱ እየተላቀቀ ሲወጣ፣ ቆሜ ሁለቱንም ጨረስኩ። ጓንቴ እስከ ገና ድረስ ጭስ ጭስ ሸተተ።

ከዚያ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ መሄድ ጀመርኩ። አስተማሪዎቹና አናጢዎቹም ማሸነፍ አላቆሙም።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 22 ቀን 2022። ዓርብ። ኪልማርኖክ ሜዳ ላይ አርብሮዝ ከኪልማርኖክ። ኪልማርኖክ ከላይኛው ሊግ ገና አምና የወረደ ትልቅ ክለብ ነው። 64 ነጥብ ይዟል፣ እኛ 62። ካሸነፍን አናቱ ላይ እኛ ነን፣ አንድ ጨዋታ ብቻ ቀርቶ። ቀኑን በኛ አቆጣጠር ስመልሰው ሚያዝያ 14 ሆነ። ስቅለት።

ስግደቱን ክፍሌ ውስጥ ነው የዋልኩት፣ ስልኬን ጠረጴዛ ላይ አቁሜ፣ ከአዲስ አበባ የሚተላለፈውን እየሰማሁ። ጉልበቴ ተልጧል። ማታ ላይ ትንሽ ንፍሮ ቀመስኩና ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። ተውኝ፣ እኔም አፍሬያለሁ። ዓርብ ማታ ነው፣ ቡድኑ ደግሞ ዓርብ ራት ነው። ይህን ማን ሊቋቋም ይችላል?

አርብሮዝ መራ። ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ጮህኩ፤ ወዲያው አማተብኩ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲቃረብ ኪልማርኖክ አቻ አደረገ። ከዚያ ፊሽካው ሊነፋ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ብሌር አልስተን ሁለተኛውን አገባ። ሁለት ለአንድ። ሕዝቡ ሜዳው ላይ ፈሰሰ። የዲክ ካምቤልን ቆብ በዚያ ሰው መሐል ፈለግኩት፤ አላየሁትም።

የቀረውን ባጭሩ ልናገር። ዓመቱ ሲያልቅ ኪልማርኖክ 67፣ አርብሮዝ 65። ወደ ላይኛው ሊግ ለመውጣት በሚደረገው ፕሌይ ኦፍ ከኢንቨርነስ ጋር ሁለቱም ጨዋታ ያለ ጎል አለቀ። ጌይፊልድ ላይ ኢንቨርነስ በሁለት ቀይ ካርድ ዘጠኝ ሰው ቀርቶት እንኳን በመለያ ምት አሸነፈ። ዘጠኝ ሰው! እስካሁን አልተዋጠልኝም። በ2023 ኖቬምበር ካምቤል ለቀቁ፤ ዓመቱ ሲያልቅ ክለቡ ወረደ። በ2025 ሊግ ዋንን አሸንፎ ተመለሰ። እኔ አሁን ሀገሬ ነኝ፤ ቅዳሜ በኛ 11 ሰዓት ወይም 12 ሰዓት ላይ ስልኬን አያለሁ።

ግን ወደዚያ ስቅለት ማግሥት ልመለስ። ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ጋ ደወልኩ።

«ስግደቱ እንዴት ነበር ልጄ?»

መዋሸት አልቻልኩም። ነገርኳት። ዝም አለች።

«ስንት ለስንት?» አለችኝ በመጨረሻ።

«ሁለት ለአንድ ተሸነፍን።»

«ተሸነፍን? እነማን?»

ይህን ለማስረዳትም ጊዜ ፈጀብኝ። አርባ ስገድ ብላ ዘጋችው።

ቤት መቀመጥ አቃተኝ፤ ባቡር ያዝኩ። ጨዋታ የለም፣ ጌይፊልድ ተቆልፏል፣ ባሕሩ ለጉድ ጸጥ ብሏል። እንደዚህ ጸጥ ብሎ አይቼው አላውቅም። ከምኔው ዓሣ ቤቱ በር ላይ ደረስኩ። ውስጥ ያሉት ሰዎች ስለ ትናንቱ ነው የሚያወሩት፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ልክ እንደ ለቅሶ ቤት። ሻጯ ፊቴን ለይታዋለች።

«እንደ ሁልጊዜው ጥንድ?»

«ዛሬ አልበላም። እስከ ሌሊት ድረስ ጾም ላይ ነኝ።»

ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «እኔም ከትናንት ጀምሮ አልወረደልኝም» አለች። ጥንዱን በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ። ሂሳብ አልተቀበለችም።

በባቡሩ ውስጥ ሰው ሁሉ እየዞረ አየኝ፤ ሽታው ነው። በዳንዲ ሰዓት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ በስልኬ የፋሲካው ዕልልታ ተሰማ። ምድጃውን አቀጣጥዬ ዓሣውን በቅቤ አሞቅኩት። ዶሮ አልነበረኝም። የመጀመሪያውን ጉርሻ ከመጉረሴ በፊት ፎቶ አነሳሁና አርባ ምንጭ ላለው ጓደኛዬ ላክሁለት። «ዓርብ ራትን በላሁት» ብዬ ጻፍኩ።

ነቅቶ ነበር።

«በስንት ኦድ?» አለኝ።